አሮጌ ላፕቶፕን ሰርቨር ማድረግ፦ መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ዝርዝር መመሪያ

በየቤታችን ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ አንድ ላፕቶፕ አይጠፋም። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ወይ ኪቦርዱ ላይ ሁለት ፊደል አልሠራም ብሏል፣ ወይ ዊንዶውስ 11 አልጫንበትም ብሎታል። ውስጡ ግን ደህና ነው። ጅማ ላለ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ለግል ትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ ወይም ሊኑክስ (በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነጻ ኦኤስ) መማር ለሚፈልግ ተማሪ ከዚያ ላፕቶፕ ጥሩ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገለግል ማሽን፣ ይወጣል።

እንዲያውም ለእኛ ከተማ ከዴስክቶፕ የሚሻል ይመስለኛል። ምክንያቱ ባትሪው ነው። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፕ ድርግም ይላል፤ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይልም ይበላሻል። ላፕቶፕ ግን ዩፒኤሱን፣ መብራት ሲሄድ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። ኤሌክትሪክም ብዙ አይበላም።

ችግሩ፣ ላፕቶፕ የተሠራው እንዲተኛ ነው። ክዳኑን ስትዘጉት ይተኛል። ዝም ብላችሁ ስትተዉት ይተኛል። ባትሪው ካለቀ ደግሞ ሰው መጥቶ እስኪያስነሳው አይነሳም። ኦኤሱን፣ እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚመራውን ዋና ፕሮግራም፣ መጫን ቀላሉ ክፍል ነው። ላፕቶፑን ሰርቨር የሚያሰኘው እንዳይተኛ ማድረግ፣ ባትሪው ሲያልቅ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋና መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ ማድረግ ነው። እዚህም ብዙ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት አድርጌ በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው፤ የተለየ ነገር ካላልኩ በቀር ሁሉንም በትንንሹ።

ላፕቶፑን መመርመር

ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ይሁን። 32 ቢት ብቻ በሆነ ማሽን ላይ አትድከሙ፤ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እንኳ ከ13ኛው እትም ጀምሮ ለእሱ መጫኛ ማውጣት ትቷል። ራም 4 ጊጋባይት ካለ ብዙ ሥራ ይሠራል። 2 ጊጋባይት ከሆነም ፋይል ማጋራት አያቅተውም። የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል። ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አስማሚ ይገዛል። የተሰነጠቀ ስክሪን ችግር አይደለም፤ ኦኤሱን እስክትጭኑ ድረስ ሌላ ስክሪን ወይም ቲቪ በኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ከሆነ ገንዘብ የምታወጡት እዚህ ላይ ይሁን። ትንሽ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ) ግዙና ቀይሩት። 120 ጊጋባይት ለኦኤሱ ከበቂ በላይ ነው። ለውጡን ወዲያው ታዩታላችሁ።

አሁን ባትሪውን እዩ። ገልብጣችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ሆዱ ቀጥ ያለ መሆኑን ተመልከቱ። ታችኛው ክዳን ካበጠ፣ ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ እሳት ያስነሳል። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅም አታድርጉት። አውጡትና ከቤት አርቁት። ሌት ተቀን ተሰክቶ ለሚውል፣ ማንም ለማያየው ማሽን ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ብዙዎቹ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይነሳሉ፤ ያኔ ግን ዩፒኤስ ለብቻው ያስፈልጋችኋል።

ፋኑንም አስከፍታችሁ አስጠርጉት። በበጋ የጅማ አቧራ ማቀዝቀዣው ላይ እንደ ወፍራም ጨርቅ ተነጥፎ ነው የሚገኘው። ለዓመታት ያልተነካ ማሽን ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት አብራችሁ አስቀይሩ።

የትኛውን ኦኤስ?

የእኔ ምርጫ ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 የሚባለው የሊኑክስ እትም ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወጣ፤ በፈረንጆቹ 2024 መሆኑ ነው። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚሰጣቸው እትሞች አንዱ ስለሆነ የደህንነት ዝማኔው በፈረንጆቹ እስከ 2029 በነጻ ይቀጥላል። ችግር ሲገጥማችሁ ኢንተርኔት ላይ መልስ የምታገኙለትም እሱ ነው። ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ ለሆነ ማሽን ዴቢያን 13ን እመክራለሁ፤ ቀለል ይላል።

ዊንዶውስ ሰርቨር የሚጠይቁኝ አሉ። መሥራት ይሠራል፤ የ180 ቀን የሙከራ እትምም በነጻ ይገኛል። ለኮርስ ከሆነ በቂ ነው። ግን የላፕቶፕ አምራቾች ለሰርቨር እትም ድራይቨር አያዘጋጁም፤ የዊንዶውስ 10ን ድራይቨር እየሞከራችሁ ነው የምትጭኑት። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2025 በፊት ባሉት እትሞች ላይ ዋይፋዩም ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። «ሰርቨር ማናጀር» ውስጥ ገብታችሁ «ዋየርለስ ላን ሰርቪስ» የሚለውን ፊቸር ጨምሩና ሪስታርት አድርጉት። ይህን ሳያውቁ ዋይፋዩ ተበላሽቷል ብለው ማሽኑን ቴክኒሻን ጋር የሚወስዱ ብዙ ናቸው። በእነዚያ እትሞች ላይ ብሉቱዝን ግን እርሱት።

ያላችሁ ላፕቶፕ አንድ ብቻ ከሆነና የምትማሩበት ከሆነ ምንም አታጥፉ። በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥረውን ቨርቹዋል ቦክስ ጫኑ፤ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን አብሩ፤ ለሰርቨሩ 2 ጊጋባይት ራም ስጡና ኔትወርኩን «ብሪጅድ» አድርጉት። ከዚያ ሰርቨሩ እንደ ሌላ ማሽን የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። ከዚህ በታች ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ሳምባ (ፋይል ማጋሪያው ፕሮግራም) የምለው ሁሉ ለእናንተም ይሠራል። የባትሪውን ዝለሉት።

ማውረድና ፍላሽ ማዘጋጀት

የኡቡንቱ ሰርቨር ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ከሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ አውርዱት። የወረደው ፋይል ሙሉ መሆኑን ሳታረጋግጡ ግን አትለፉ። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ መሃል ላይ የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ መጫኑ ግማሽ ደርሶ ሲቆምም ጥፋቱ የፍላሹ ይመስላል። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና «ሰርትዩቲል» ብላችሁ፣ ቀጥሎ ሰረዝና «ሀሽፋይል»፣ ከዚያ የፋይሉን ስም፣ በመጨረሻም «ሻ256» ጻፉ። የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ከኡቡንቱ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ እንደገና ማውረድ ነው።

ከዚያ በሩፈስ ወይም በባሌና ኤቸር ፍላሹ ላይ ጻፉት። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የላፕቶፑም እንዲሁ፤ ስለዚህ ፎቶና ሰነድ ካለ አሁኑኑ አውጡ።

መጫን

ፍላሹን ሰክታችሁ ስታበሩ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 እየነካካችሁ ፍላሹን ምረጡ። ሴኪዩር ቡት ማጥፋት አያስፈልግም። የኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ ሰክታችሁ ጀምሩ። መጫኛው ራሱ እየጠየቀ ይወስዳችኋል። እኔ የማቆማችሁ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዲስኩ ጋ ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ሙሉ ዲስኩን እወስዳለሁ ይላል እንጂ፣ «ኤልቪኤም» የሚባለው የዲስክ አከፋፈል እንደተመረጠ ከተዋችሁት ዋናው ክፍል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የዲስኩ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ቀሪው ባዶ ይቀመጣል። ማጠቃለያው ገጽ ላይ «ኡቡንቱ ኤልቪ» የሚለውን መርጣችሁ «ኤዲት» በሉና መጠኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት። ሳታዩ ካለፋችሁ በኋላም ማስተካከል ይቻላል፤ እዚህ ግን ቁጥር መቀየር ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር ጫን» የሚለው ሳጥን ነው። ምልክት አድርጉበት። ከዚህ በኋላ ሰርቨሩን የምታዙት ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡትን የፕሮግራም ዝርዝሮች ዝም ብላችሁ እለፏቸው። ለሰርቨሩ ስም ስትሰጡ አጭርና ያለ ክፍት ቦታ ይሁን።

ሪስታርት ካደረገ በኋላ ስምና ፓስዎርድ አስገብታችሁ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» በሉት። «ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል፤ «አፕት» ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያድሰው ነው።

እንዳይተኛ ማድረግ

«ኢቲሲ» ውስጥ «ሲስተምዲ» የሚባል ማውጫ (ፎልደር) አለ፤ እዚያ ውስጥ «ሎጊንዲ ዶት ኮንፍ» የሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። በ«ሱዶ ናኖ» ክፈቱት፤ ናኖ ጽሑፍ ማስተካከያ ነው። «ሀንድል ሊድ ስዊች» የሚል መስመር ይታያችኋል፤ ሦስቱም ቃላት ሳይለያዩ ተጣብቀው፣ የእያንዳንዳቸው መጀመሪያ በትልቅ ፊደል ነው። ከፊቱ ያለውን የአጥር ምልክት አጥፉና ከእኩል ይሆናል ምልክት በኋላ ያለውን ቃል «ኢግኖር» በሉት። ከሱ ስር በተመሳሳይ ስም ጀምሮ «ኤክስተርናል ፓወር» የሚጨምር መስመር አለ፤ እሱንም እንዲሁ። አስቀምጣችሁ ውጡና ማሽኑን ሪስታርት አድርጉት። ከዚህ በኋላ ክዳኑን ብትዘጉም ሥራውን ይቀጥላል።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ያንን የአጥር ምልክት ነው። ምልክቱ ካለ መስመሩ አስተያየት እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

መተኛትን ከነሥሩ ለመንቀል ደግሞ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ማስክ» ብላችሁ «ስሊፕ ዶት ታርጌት»፣ «ሰስፔንድ ዶት ታርጌት»፣ «ሃይበርኔት ዶት ታርጌት» ብላችሁ ጨምሩበት፤ በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን ክፍት ቦታ ነው የሚገባው። ካሁን በኋላ ማንም ፕሮግራም ላስተኛህ ቢለው አይሰማም።

ክዳኑን ዘግታችሁ ስክሪኑ በርቶ የሚቀርባቸው ማሽኖች አሉ። ያ ሙቀትም ነው፣ የባትሪ ብክነትም ነው። «ኢቲሲ» ውስጥ «ዲፎልት» ማውጫ ውስጥ ያለውን «ግሩብ» ፋይል ክፈቱ፤ «ሊኑክስ ዲፎልት» የሚለው መስመር ላይ በጥቅሱ ውስጥ «ኮንሶልብላንክ=60» ጨምሩና «ሱዶ አፕዴት-ግሩብ» በሉ። ቀጥሎ ሲነሳ ስክሪኑ ከ60 ሰከንድ በኋላ ይጠፋል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ስክሪኑ የጠፋ ላፕቶፕ ከባድ ሥራ ካልያዘ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዋት ይበላል። 48 ዋት ሰዓት የሚይዝ አዲስ ባትሪ ካለው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይቆማል ማለት ነው። ባትሪው አርጅቶ ግማሹን ብቻ የሚይዝ ቢሆን እንኳ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ለጅማ ብዙውን የመብራት መሄድ ይሸፍናል።

ግን ሌት ተቀን መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ሞቆ የሚውል ባትሪ ቶሎ ያረጃል፤ ያብጣልም። ስለዚህ ቻርጁ 80 ላይ እንዲቆም አድርጉት። የሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ይሄ በደንብ ይሠራል። «ቲኤልፒ» የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና በማስተካከያ ፋይሉ ላይ የ«ባት0» የማቆሚያ ገደቡን 80 በሉት። ሌሎች ማሽኖች ላይ ባዮስ ውስጥ ስለ ባትሪ የሚናገረውን ገጽ ፈትሹ፤ ዴል ላቲቲዩድ ላይ እዚያ ታገኙታላችሁ። ሃያ በመቶውን መተው የሚያሳሳ ይመስላል። እኔ ግን ባትሪው ሁለት ዓመት እንዲያገለግለኝ ያንን ግማሽ ሰዓት እሰጣለሁ።

አሁን ባትሪው ሲያልቅ የሚሆነውን እናስብ። ዝም ከተባለ ላፕቶፑ ልክ እንደ ዴስክቶፕ ድርግም ይላል፤ ያን ሁሉ የለፋንበት ነገር ከንቱ ሊሆን ነው። ስለዚህ በየሁለት ደቂቃው ባትሪውን የሚያይ ትንሽ ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞች የተደረደሩበት ፋይል፣ እንጽፋለን። ሊኑክስ የባትሪውን ሁኔታ በተራ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። «ሲስ»፣ «ክላስ»፣ «ፓወር ሰፕላይ»፣ «ባት0» ብላችሁ ማውጫዎቹን ተከትላችሁ ግቡ፤ አንዳንድ ማሽን ላይ «ባት1» ነው። «ባት» በትልልቅ ፊደላት ነው፤ በፓወርና በሰፕላይ መሃልም የታች ሰረዝ አለ። እዚያ «ካፓሲቲ» የሚባለው ፋይል ውስጥ መቶኛው በቁጥር፣ «ስታተስ» የሚባለው ውስጥ ደግሞ «ቻርጂንግ» ወይም «ዲስቻርጂንግ» የሚል ቃል አለ፤ የመጀመሪያ ፊደሉ ትልቅ ነው። ስክሪፕቱ ሁለቱን ያነባል፤ ቃሉ «ዲስቻርጂንግ» ከሆነ እና ቁጥሩ ከ20 ካነሰ «ሲስተምሲቲኤል ፓወርኦፍ» ብሎ ያጠፋል። በቃ፣ አራት መስመር ነው። በ«ሱዶ ክሮንታብ» ሰረዝ «ኢ» ክሮንን፣ ማለትም ትእዛዝ በተወሰነለት ሰዓት የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ ክፈቱና የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ተጠቃሚ ዝርዝር ውስጥ በየሁለት ደቂቃው እንዲሄድ አስገቡት።

ለምን 20? ያረጀ ባትሪ ውሸታም ስለሆነ ነው። 18 እያለ በአንዴ ዜሮ የሚገባ አለ። ለእሱ 30 አድርጉት እንጂ 5 ላይ አትጠብቁ።

ቀጥሎ፣ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ። ይሄ ባዮስ ውስጥ ነው። ዴል ላቲቲዩድ ላይ «ዌክ ኦን ኤሲ» ይባላል፤ ብዙ ቲንክፓዶች ላይ «ፓወር ኦን ዊዝ ኤሲ አታች» ይላል። አብሩት። ከዚያ የጠፋ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይነሳል። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ ይሄ ምርጫ ላይኖር ይችላል። ያኔ በሰዓት የሚያስነሳውን ፈልጉ፤ ዴል «ኦቶ ኦን ታይም» ይለዋል። በየጠዋቱ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ይነሳ። እሱም ከሌለ ጠዋት የሚያበራው ሰው መመደብ ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። «ዌክ ኦን ኤሲ» የሚሠራው ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ መብራት ሲመጣ ነው። ስክሪፕታችሁ ማጥፋት ከጀመረ በኋላ፣ ገና ሳይጠፋ መብራት ቢመጣስ? ማሽኑ ይጠፋል፤ ቻርጀሩ ግን ቀድሞ ኤሌክትሪክ አግኝቷል፤ የሚያስነሳው የለም። መብራት አለ፣ ሰርቨሩ ግን ሞቷል፣ ማንም አይገባውም። ስለዚህ ስክሪፕቱ «ከአምስት ደቂቃ በኋላ አጥፋ» አይበል፤ ወዲያው ያጥፋ። የቀረችውን ትንሽ ክፍተት ለመድፈን «ዌክ ኦን ኤሲ»ንም በሰዓት የሚያስነሳውንም ሁለቱንም አብሩ።

ራውተሩንም አትርሱ። ላፕቶፑ አራት ሰዓት ቢቆምም ራውተሩ ከጠፋ ማን ያገኘዋል? አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት። ለእነሱ የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ አለ፤ ቻርጀሩና ራውተሩ መሃል ይገባል። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ገልብጣችሁ ቮልቱንና አምፒሩን አንብቡ። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ነጎድጓዱም የዚያኑ ያህል። ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ከመሰካት ከመጠን ያለፈ ቮልት የሚቆርጥ መከላከያ መሃል ላይ አስገቡ።

አድራሻና በር

ሰርቨር በየቀኑ አድራሻ ከቀየረ ሰርቨር አይደለም። የራውተሩን ገጽ ክፈቱና ለላፕቶፑ ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ያዙለት። ብዙ ጊዜ «ዲኤችሲፒ» ከሚለው ስር ነው። ሰርቨሩ ላይ ከመነካካት ይሄ ይሻላል፤ ነገ ራውተር ብትቀይሩ ከደጅ አትቀሩም።

ከዊንዶውስ ኮምፒውተር «ኤስኤስኤች» ብላችሁ የተጠቃሚ ስም፣ የአት ምልክት፣ ከዚያ የሰርቨሩን አይፒ ጻፉ። ከገባችሁ በኋላ ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚከለክለውን ፋየርዎል አብሩ፤ ግን በቅደም ተከተል። መጀመሪያ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ኦፕንኤስኤስኤች»፤ እዚህ ላይ የመጨረሻው ቃል «ኦ» እና «ኤስኤስኤች» በትልልቅ ፊደላት ናቸው። ከዚያ በኋላ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል»። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት በሩን ከውስጥ ቆልፋችሁ ውጭ ትቀራላችሁ። ፓስዎርዱ ረጅም ይሁን፤ ሲመቻችሁ ደግሞ በቁልፍ ፋይል መግባትን ተማሩ።

ከቤት ሆኜ የሱቁን ሰርቨር ልግባ ላላችሁ፦ በሞባይል ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ከሆነ የራሳችሁ የሆነ የውጭ አይፒ የላችሁም፤ ከብዙ ሰው ጋር ተጋርታችሁ ነው ያላችሁት። ራውተር ላይ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት በር) ብትከፍቱም አይሠራም። ቴይልስኬል ጫኑ። ሰርቨሩም ስልካችሁም ላይ አንድ አካውንት፣ ከዚያ የትም ሆናችሁ ትገናኛላችሁ። ፖርት ለዓለም ከመክፈት በብዙ ይሻላል።

ሰዓቱ

«ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን» ብላችሁ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ጻፉ። አፍሪካ፣ አዲስና አበባ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ በአዲስና በአበባ መሃል ክፍት ቦታ ሳይሆን የታች ሰረዝ ነው። ሰርቨሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሁን ካላችሁ ክሮን ላይ የሚገባው 2 ነው። 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሱቁ በደንበኛ ሲሞላ ይጀምራል።

ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ እናት ቦርዱ ላይ ያለችውን የሰዓት ባትሪም አስቀይሩ። እሷ ከሞተች ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ዓመቱን ይረሳል። ሰዓቱ የተሳሳተ ሰርቨር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ካሉ ገጾች ጋር በደህንነት መገናኘት አይችልም፤ ዝማኔም አይወርድለት።

ሥራ መስጠት

እንበል ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላችሁ። ሦስት ኮምፒውተር አለ፤ አንዱ ላይ ይተየባል፣ አንዱ ላይ ይታረማል፣ አንዱ ከፕሪንተሩ ጋር ነው። ፋይሉ በመሃላቸው የሚዞረው በፍላሽ ነው። ተማሪው ይዞት የመጣው ፍላሽ ደግሞ ቫይረሱንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰርቨሩ የሚገላግላችሁ ከዚህ መዞር ነው። የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካው አንዱ ማሽን ላይ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉ በኔትወርክ ይሂድ።

«ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሳምባ» በሉ። የጋራ ማውጫ ፍጠሩ፤ «ሰርቭ» ስር «ሥራ» በሚል ስም ቢሆን ይበቃል፤ ለጊዜው ግን ስሙን በላቲን ጻፉት። ባለቤትነቱን በ«ሱዶ ቾውን» ለተጠቃሚያችሁ ስጡት፤ ካልሆነ ከዊንዶውስ ምንም መጻፍ አይቻልም። «ኢቲሲ» ውስጥ «ሳምባ» ማውጫ ውስጥ ያለውን «ኤስኤምቢ ዶት ኮንፍ» ክፈቱና መጨረሻው ላይ በማዕዘን ቅንፍ የማጋሪያውን ስም፣ ከስሩ «ፓዝ» ብላችሁ የማውጫውን አድራሻ፣ «ሪድ ኦንሊ = ኖ»፣ እና «ቫሊድ ዩዘርስ» ብላችሁ የተጠቃሚውን ስም አስገቡ። አንድ መስመር ደግሞ ከእኔ፦ «ቪኤፍኤስ ኦብጀክትስ = ሪሳይክል»። ይቺ ካለች ሠራተኛ በስህተት ያጠፋው ፋይል የተደበቀ ማውጫ ውስጥ ይቀመጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ለጠፋባት ተማሪ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ በ«ሱዶ ኤስኤምቢፓስውድ» ሰረዝ «ኤ» ብላችሁ ለተጠቃሚው የሳምባ ፓስዎርድ ስጡ፤ የሊኑክሱ ፓስዎርድ አይበቃም። ፋየርዎሉ ላይም «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ሳምባ» በሉ፤ እዚህ የሳምባ መጀመሪያ በትልቅ ፊደል ነው። ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉትና ዊንዶውሱ ላይ በሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ ሰረዞች ጀምራችሁ የሰርቨሩን አይፒ ጻፉ። ማውጫው ይከፈታል። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ምንም አይሆኑም። ሰርቨሩ ራሱ ጥቁር ስክሪን ላይ ግን ስማቸው አራት ማዕዘን ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። ፊደሉ እዚያ ስለሌለ እንጂ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም።

ይህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ አንድ ሜጋባይት ዳታ ነው የሚሠራው። ለትምህርት ቤት ደግሞ «ኪዊክስ» አለ፤ ዊኪፔድያን አንዴ አውርዳችሁ ለሁሉም ክፍል በውስጥ ኔትወርክ ታቀርቡበታላችሁ። ሙሉው የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ስለሚበልጥ የትምህርት ዘርፍ ዘርፉን መርጣችሁ አውርዱ። የአማርኛው ትንሽ ናት፤ እሷን ሳትጨምሩ አትለፉ። ኡቡንቱ የተጫነባቸው ብዙ ማሽኖች ያሉት ላብ ካላችሁ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ»ን ጫኑ። አንዱ ማሽን ያወረደውን ዝማኔ ሌሎቹ ከሰርቨሩ ይወስዳሉ።

ቦታው

ክዳኑ ተዘግቶ የሚውል ላፕቶፕ ሙቀቱን የሚያወጣው በጎንና በሆዱ ነው። ጨርቅ ላይ፣ ወረቀት ክምር ላይ አታስቀምጡት። ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት፤ በርጩማ የሚሠራ አናጺ ከስሩ አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ማስቀመጫ በቀላሉ ይሠራላችኋል። ከመስኮት ዝናብ፣ ከቡና ከሰል አመድም ራቅ ይበል። «ኤልኤም-ሴንሰርስ» ጭናችሁ «ሴንሰርስ» ስትሉ ሙቀቱን ያሳያችኋል። ሥራ ሳይበዛበት ከ70 ዲግሪ በላይ ከሆነ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ተዉት ወይም ፋኑን እንደገና አስጠርጉት።

መንቀል

ለሰዎች ከማስረከባችሁ በፊት መብራት ባለበት ቀን ቻርጀሩን ራሳችሁ ንቀሉት። ከሌላ ኮምፒውተር «ፒንግ» (ማሽኑ መልስ እንደሚሰጥ የሚጠይቅ ትእዛዝ) ብላችሁ እያያችሁ ተዉት። ክዳኑ ተዘግቶ እያለ መልስ መስጠቱን ይቀጥል። ባትሪው ከ20 ሲያንስ ራሱ መጥፋት አለበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ሳትነኩት ተነስቶ ፒንጉ ከተመለሰና የጋራ ማውጫው ከተከፈተ አልቋል። ካልተነሳ ባዮሱን፣ ካልጠፋ ክሮኑን እዩ። ይህን ሙከራ ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ድገሙት፤ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረውም ያኔ ታውቃላችሁ።

ባክአፕ ለሌላ ጊዜ አይባልም። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ ግዙ፤ በየሌሊቱ «አርሲንክ» የሚባለው ፋይል ገልባጭ ፕሮግራም የጋራ ማውጫውን ወደሱ ይገልብጥ። ሁለት ዲስክ ካላችሁ በየሳምንቱ እየቀያየራችሁ አንዱን ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሌባም እሳትም ሰርቨሩንና አጠገቡ ያለውን ዲስክ ለይተው አይወስዱም። በወር አንዴ ከዲስኩ ላይ አንድ ፋይል፣ ለምሳሌ ያለፈው ሳምንት የደንበኛ ሰነድ፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሳችሁ ክፈቱት። ከተከፈተ ባክአፕ አላችሁ።